የፊት ጎማ መብራት

ቁጡ ነኝ፤ አልክድም። ቡራዩ መጥታችሁ የአሥራትን ጋራዥ ብትጠይቁ፣ "ያ ተሳዳቢው?" ብለው ነው የሚመሯችሁ። ግን ያለ ምክንያት አልቆጣም። መብራት እምቢ ባለው ቁጥር አምፖል የሚቀይር ሹፌር ሳይ ነው ደሜ የሚፈላው። አምፖል ምን በደለ? ሽቦውን ተከተል፤ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ በእጅህ ዳስሰህ እይ። ማብሪያም አንድ ጊዜ ሞክረኸው ቢያስቸግርህ እምቢ አለ አትበል። ሦስት ጊዜ ሞክረው። ብረትም እንደ ሰው ነው፣ መለመን ይወዳል። ይህን ለስንቱ ሹፌር ስጮህ ኖሬአለሁ።

ባለፈው ነሐሴ፣ የስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ክረምት ሊያልቅ ሲል፣ ወንዳፍራሽ የሚባል ሹፌር ከጦር ሠራዊት በጨረታ የተሸጠ አንድ አሮጌ ካሚዮን እየነዳ መጣ። መልኩን የሚወድ፣ መስታወት ባየ ቁጥር ጸጉሩን የሚያበጥር ሰው ነው። ሦስት አምፖል ቀይሯል። ሦስት!

"ጋሽ አሥራት፣ ይኼ መብራት ሊያስባርረኝ ነው" አለኝ ገና ከጋቢናው ሳይወርድ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ዓይነቱ ካሚዮን በደረቅ መንገድ በኋላ ጎማዎቹ ብቻ ይሄዳል። ጭቃ ሲመጣ ሹፌሩ አንዲት እጀታ ይስባል፤ አየር ይገባና የፊት ጎማዎቹም ከሞተሩ ጋር ይያያዛሉ፤ ሁሉም ጎማ ይገፋል። መያያዛቸውን የምታውቀው ከመሪው ፊት፣ ክሩስኮቱ ላይ በምትበራ ትንሽ መብራት ነው። እሷ ከጠፋች ዕውር ነህ። ወንዳፍራሽ ከሱሉልታ ካባ ድንጋይ እየጫነ አዲስ አበባ ያወርዳል። ባለፈው ሳምንት የፊት ጎማው ገብቷል ብሎ ከነጭነቱ አረንቋ ውስጥ ገባ፤ ለካ አልገባም፤ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ሊገለበጥ ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ በፊት ደግሞ ወጥቷል ብሎ እንጦጦን በአስፋልት ሲወርድ፣ ሳይወጣ ቀርቶ ሁለት አዲስ ጎማ ጨረሰ።

"የካሚዮኑ ባለቤት አንድ ጊዜ ብትደግም ቁልፉን አስቀምጠህ ሂድ ብሎኛል።"

"አንተ ደግሞ አምፖል ትቀይራለህ።"

"ሌላ ምን ላድርግ?"

"አስብ! ጭንቅላት የተሰጠህ ለማበጠሪያ ነው?"

ሳቀ። ስድብ የማይሰማው ሰው ነው፤ ለዚህ ነው ያልጠላሁት።

ሞተሩን አስነስቶ አየሩ እስኪሞላ ጠበቅን። ከዚያ ከሥር ገብቼ ጋደም አልኩና "ሳብ!" አልኩት። አየሩ ፍስስ ብሎ ገባ፣ ብረቱም ቋ ብሎ ተያያዘ። አየሩ ደህና፣ ጥርሱም ደህና።

"በራ?"

"ኧረ አልበራም!"

"መልሰው። አሁንም ሳብ።"

"አልበራም እኮ ነው የምልዎ!"

"ዝም በልና ለሦስተኛ ጊዜ ሳብ!"

ያየሁት በሦስተኛው ነው። ከጎኔ ዘይትና የዝናብ ውሃ የተቀላቀለበት ትንሽ ኩሬ ነበር። እጀታው ሲሳብ ኩሬው ላይ አረንጓዴ ብርሃን አየሁ። ሲመልሰው ጠፋ። እንግዲህ ማብሪያው ይሠራል፤ ኃይሉ ግን ክሩስኮቱን ትቶ ሌላ ቦታ እየሄደ ነው።

ከካምቢዮው ኋላ ካለው ማብሪያ ተነስቼ ሽቦውን በጣቴ ተከተልኩ። የካሚዮኑን አጥንት ይዞ ይመጣና ጋቢናው ሥር ሲደርስ ሁለት ይሆናል። አንደኛው ወደ ክሩስኮቱ ይወጣል፤ ላሜራውን በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ተፍቆ ተፍቆ ተበጥሷል። በሽታው ይኸው ነው። ሁለተኛው ግን ወደ ቀኝ ጎን ይሄዳል፤ ካሚዮኑን የሠራው ሰው ባላሰበው መንገድ።

ሁለቱ የሚገናኙበትን ቦታ ዳሰስኩት። ናስትሮ አልተለጠፈበትም። በቀጭኑ የተጠማዘዘ፣ የሚያሟልጭ ነገር ነው። በጥፍሬ ፍቄ አሸተትኩት። ሰም ነው። ጧፍ!

እዚያው በጀርባዬ እንደተኛሁ ቀረሁ። የካሚዮን ሽቦ በቤተ ክርስቲያን ጧፍ የሚጠቀልል ሰው አንድ ብቻ ነው የማውቀው። እሱም እኔ ነኝ።

በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ወታደር ነበርኩ፣ ሹፌር። ሰፈራችን ሰበታ አጠገብ ነው። በየሐሙሱ ሃያ ካሚዮን ተሰልፎ ለተኩስ ልምምድ ሱሉልታ ሜዳ ይሄዳል። ከጎጃም መንገድ ወደ ውስጥ እንደታጠፍን፣ ከአንድ ገበሬ፣ ከኦቦ ባይሳ ደጅ ሥር፣ ክፉ አረንቋ አለ። የመጀመሪያው ቀን የፊት ጎማውን ማስገባት ረስቼ እዚያ ሰጠምኩ። የቤቱ ሰዎች ጎማው ሥር የሚነሰነስ ጭድ ይዘው ወረዱ። ከእነሱ ጋር አንዲት ልጃገረድ ነበረች። ጭዱን አስቀመጠችና ጎማዎቹን አንድ በአንድ ቆጠረች።

"አሥር ጎማ ይዘህ ትቆማለህ?" አለችኝ። "የአባቴ በሬ በአራት እግሩ ያልፋል።"

ሌላ ሰው ብሎኝ ቢሆን ጥርሱን አረግፈው ነበር። እኔ ግን እንደ ሞኝ ሳቅሁ። ገለቴ ትባላለች። ከዚያ ወዲያ ከሐሙስ በቀር ሌላው ቀን ቀን አልመስል አለኝ።

ፈቃድ እየለመንኩ ቅዳሜ ሱሉልታ ገበያ ሄጄ አነጋገርኳት፤ ሁሉም ቢደመር አምስት ጊዜ ነው። እጇን እንኳ አልነካሁም። አብራት የምትመጣው ታናሽ እህቷ ነበረች፣ የአሥር ዓመት ልጅ፤ ለእሷ ከረሜላ እሰጣለሁ፣ ከረሜላው እስኪያልቅ እናወራለን። በሦስተኛው ቅዳሜ፣ "ሃያው ካሚዮን አንድ ዓይነት ነው፤ አንተ የትኛው እንደሆንክ በምን ልወቅ?" አለችኝ።

ጣጣው ምን ነበር መሰላችሁ? በሰልፍ ላይ ክላክስ የነፋ ወይም እጁን ያወዛወዘ ሰባት ቀን ይታሰራል። ሻምበላችን ቀልድ አያውቅም። ከቤታቸው አፋፍ ላይ ሆነህ ደግሞ የጋቢናውን ሸራ እንጂ የሹፌሩን ፊት አታይም። ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። ከፊት ጎማው ማብሪያ አንድ ሽቦ ቀጥዬ፣ በቀኝ ጎን ከጋቢናው ኋላ አረንጓዴ መስታወት ያላት ትንሽ መብራት ሸሽጌ አሰርኩ። ናስትሮ ከመጋዘን የሚወጣው በፊርማ ነው፤ እኔ ደግሞ ለምን ትፈልገዋለህ ብባል መልስ የለኝም፤ ውሃ እንዳይገባበት ብዬ በጧፍ ጠቀለልኩት። አረንቋው ስንደርስ ሻምበሉ ራሱ "የፊት ጎማ አስገባ!" ብሎ ይጮኻል። እኔ እጀታዬን እስባለሁ፣ መብራቴ ትበራለች። በሻምበሉ ትእዛዝ ሰላም እላት ነበር ማለት ነው።

እሷም ትወጣለች። ግራ እጇን የበሩ ምሰሶ ላይ አድርጋ፣ መብራቷ እስክትጠፋ ድረስ ትቆማለች። ሌላ ቃል አልተለዋወጥንም። ያ ቃላችን ነበር።

በሰኔ በሦስት ቀን ማስጠንቀቂያ ወደ ኦጋዴን አዛወሩኝ። ካሚዮኔን ለሌላ ሹፌር ሰጡት። መብራቷን መፍታት ትዝም አላለኝም፤ የዚያን ጊዜ ትዝ የሚለኝ ገለቴ ብቻ ናት። ሰበታ ለሚኖሩት አጎቴ ለባላምባራስ ዳኜ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ሽማግሌ ይዘው ኦቦ ባይሳ ዘንድ እንዲሄዱልኝ። ባላምባራስ ከመንዝ የመጡ ኩሩ ሰው ናቸው። በሐምሌ መጨረሻ መልሳቸው ደረሰኝ፦ "በዝናብ ደጅ ላይ አቁመው መለሱን። እንዲህ ያለ ንቀት በዘራችን ደርሶ አያውቅም። ተዋት፤ ሁለተኛ ስሟን አታንሳብኝ።"

እኔስ ምን አደረግሁ? እንዴት፣ ለምን፣ ምን አሏችሁ ብዬ ጠየቅሁ? የታባቴ! ቁጣዬ መጣ። "ትቻታለሁ" ብዬ በዚያው ሳምንት ጻፍኩ። ባላምባራስም ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ሞኝም ነበርኩ፣ ወረቀትም ይዤ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ እግሬ ተጎድቶ ከሠራዊቱ ስወጣ ጋራዤን ቡራዩ ከፈትኩ። ሱሉልታን ግን ደግሜ አልረገጥኳትም። ሚስትም አላገባሁም። ቁጣው ነው ያስቀረው ይላሉ፤ ይበሉ። ሐሙስ ሐሙስ ያንን አረንቋ እንደማስብ የት ያውቃሉ።

"ጋሽ አሥራት፣ ተኙ እንዴ?" አለ ወንዳፍራሽ አጎንብሶ እያየኝ።

ወጣሁ። በቀኝ ጎን ዞሬ ጭቃውን በእጄ ጠረግሁት። አለች። መብራቴ ብዙ ስለማትበራ አልተቃጠለችም።

"ይኼ ደግሞ ምንድነው?"

"የወታደር ነገር ነው" አልኩት። "ያ አረንቋ የምትለው የቱ ጋ ነው?"

"ከጎጃም መንገድ ወደ ካባው ሲታጠፉ ነዋ። አፋፉ ላይ ባህር ዛፍ ያለበት ቤት አለ።" ማበጠሪያውን አወጣ። "እዚያማ አንዲት ወዳኝ የሞተች ሴት አለችልዎ። ገና አረንቋው ውስጥ ስገባ ከቤቷ ትወጣለች። ልውጣ ልውጣ ስትል ቆይታ አይደለም፣ ወዲያው ነው የምትወጣው! እጇን በሩ ላይ ታደርግና እስካልፍ ድረስ ታየኛለች።"

"የቱን እጇን?"

"ምን?"

"የቱን እጇን ነው በሩ ላይ የምታደርገው?"

አሰብ አደረገ። "ግራውን። ምነው?"

መልኳን ጠየቅሁት፤ ነጠላዋን ተሸፋፍና ነው፣ ከሩቅ ነው የማያት አለኝ። ዕድሜዋን አላወቀም። እኔ ግን ምን ጠያቂ ያስፈልገኛል? ሰባት ዓመት! ሰባት ዓመት ሙሉ ያቺን መብራት ትጠብቃለች፤ እኔ እዚህ ቡራዩ፣ ግማሽ ቀን በማይሞላ መንገድ ላይ፣ ሹፌር እሰድባለሁ። ደስታም አይደለም፣ ሐዘንም አይደለም፤ እንደ ሕፃን ማልቀስ አሰኘኝ። ጎማ ልይ ብዬ ከወንዳፍራሽ ዞር አልኩ።

ለክሩስኮቱ የሚሄደውን ሽቦ ቀጠልኩ፤ ቀዳዳው ላይ የጎማ ቁራጭ አደረግሁበት፣ ዳግም እንዳይፋቅ። የጎኗን መብራት ግን አልነካኋትም።

"ይቺንስ አይፈቷትም?" አለ ወንዳፍራሽ።

"ሥራ ጭቃ ላይ ካልተሞከረ ሥራ አይባልም። ነገ አብሬህ ሱሉልታ እሄዳለሁ። እዚያ አያታለሁ።"

"እርስዎ? ለመብራት ሱሉልታ ድረስ?"

"አፍህን ዝጋና በጠዋት ና!"

በማግስቱ ጢሜን ተላጭቼ፣ ለፋሲካ ብቻ የማወጣውን ኮቴን ለበስኩ። ወንዳፍራሽ ሲያየኝ አፏጨ፤ ዛሬ ማን ያገባል ቢለኝ ያን ቀን እንኳ አልሰደብኩትም። ከተማውን አቋርጠን እንጦጦን ስንወጣ የምላትን በልቤ እደረድር ነበር። ይቅር በይኝ ልበላት፣ ወይስ አካም ጅርታ ብቻ? መጀመሪያ ያስተማረችኝ ኦሮምኛ እሱ ነው፤ ደህና ነሽ ማለት ነው። የሱሉልታ ሜዳ በውሃ ተኝቶ ታየኝ። ሰባት ዓመት የሸሸሁት ሜዳ እኔን እንኳ አልታዘበኝም፤ እንደ ድሮው ነው።

ታጠፍን። አረንቋው አፍ ላይ ስንደርስ ወንዳፍራሽ እጀታውን ሳበ። ቋ አለ። ክሩስኮቱ ላይ ትንሿ መብራት በራች።

"በራ! ጋሽ አሥራት፣ በራ እኮ!" ብሎ ክሩስኮቱን ሳመው።

እኔ ግን በመስኮት ወደ አፋፉ አያለሁ። ባህር ዛፎቹ አድገዋል። የበሩ ምሰሶ ያው ነው። በሩ ተከፈተና ነጠላ የለበሰች ሴት ወጣች፤ ግራ እጇን ምሰሶው ላይ አደረገች።

"አቁም።"

"አረንቋ መሃል?"

"አቁም ብዬሃለሁ! የፊት ጎማው ገብቷል አይደል፣ ምን ያስፈራሃል? ሞተሩን ግን እንዳታጠፋ።"

ወርጄ ጭቃውን እየረገጥኩ አፋፉን ወጣሁ። እግሬ ማነከሱን ረሳሁት። ቀረብ ስል ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች። ገለቴ ናት! ያው ዓይን፣ ያው አገጭ፤ ሰባት ዓመት ምንም አላደረጋትም። አንድ ቀን እንኳ አልጨመረችም። ደስ አለኝ፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላው ሰው ይህን አምኖ ደስ አለው።

"ገለቴ… አካም ጅርታ?" አልኳት።

ሰላምታውን አልመለሰችም። ባላገር ሰላምታ ካልመለሰ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

"ገለቴ የለችም" አለች። "አሥራት አንተ ነህ?"

በንቀት አንተ አለችኝ። የዚያን ጊዜ ነው የነቃሁት። ታናሽ እህቷ ናት፣ ደጊቱ። ያቺ ከረሜላ የምሰጣት ልጅ አሥራ ሰባት ዓመት ሞልቷት ገለቴን አክላለች።

"ደጊቱ?"

"አዎ፣ ከረሜላ የምትሰጠኝ። ዛሬ ቆምክ? ካሚዮንህ ከሰኔ ጀምሮ እንደገና ሲያልፍ፣ ይኼ የማያፍር ሰው አንድ ቀን ይቆም ይሆናል፣ ፊቱን ልየው ብዬ ስወጣ ከረምኩ።"

"እህትሽስ?"

"አገባች። መናገሻ ነው ያለችው። አምስት ዓመቷ።"

ምሰሶውን ያዝኩ። ቁጣዬ ምን ጊዜም ይቀድመኛልና፣ "እኔ እኮ ሽማግሌ ልኬ ነበር!" አልኳት። "አባትሽ ናቸው እምቢ ያሉት! አጎቴን በዝናብ ደጅ ላይ አቁመው መለሷቸው!"

ደጊቱ አየችኝ፣ አየችኝና ሳቀች፤ የደስታ ሳቅ አይደለም።

"በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የት አገር አለ? እኛ ቤት ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን ደጅ ቆሞ ይመለሳል፣ በሁለተኛው ቤት ይገባል፣ በሦስተኛው ይነጋገራል። ልጃችን አልተጣለችም ለማለት ነው። አባቴ 'ከመስቀል በኋላ ተመለሱ' ብሏቸው ነበር እኮ። እናቴ ለመስቀል ጠላ ጠመቀች። አልመጡም። ለጥምቀት ጠመቀች። አልመጡም።"

ከመስቀል በኋላ ተመለሱ። ባላምባራስ ይህን አልጻፉልኝም። እኔም አልጠየቅሁም።

"እሱስ ይሁን" አለች ደጊቱ። "ሽማግሌ ይታመማል፣ ይሞታል፣ ይቀየማል። አንተ ግን በየሐሙሱ የምታደርገው ምን ነበር?"

"የት?"

"እዚሁ ነዋ! ከደጃችን ሥር! በየሐሙሱ መብራትህን እያበራህ ታልፍ ነበር። ሁለት ዓመት! እሷ ትወጣለች፣ እጇን እዚህ ታደርጋለች፣ አንተ ታበራለህ፣ ታልፋለህ። አትቆም፣ ሽማግሌ አትልክ። ስንት ጠያቂ መለሰች መሰለህ! በመጨረሻ እዚህ ቁጭ ብላ፣ 'ደጊቱ፣ ይኼ ሰው እየቀለደብኝ ነው' አለች። በሳምንቱ ለመናገሻው ሰው እሺ ብላ አስላከች።"

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። እኔ ኦጋዴን አሸዋ ላይ ተኝቼ በየሐሙሱ እሷን ሳስብ፣ ካሚዮኔን የተረከበው ሹፌር ምንም ሳያውቅ በየሐሙሱ እጀታውን ይስብ ነበር። በየሐሙሱ "እዚህ ነኝ" ይላት ነበር፣ በእኔ መብራት።

"እኔ አልነበርኩም" አልኳት። "ደጊቱ፣ እኔ አልነበርኩም። በዚያው ሰኔ ኦጋዴን ሄጃለሁ።"

"መብራቷስ? ማን አበራት? ሰይጣን?"

እንዴት ላስረዳት? ወደ ካሚዮኑ ዞርኩና እንደ ሻምበሌ ጮህኩ፦ "ወንዳፍራሽ! መልሰው!"

አረንጓዴዋ መብራት ጠፋች።

"ሳብ!"

በራች።

"መልሰው! ሳብ! መልሰው! ሳብ!"

ሦስት ጊዜ ጠፍታ ሦስት ጊዜ በራች። ወንዳፍራሽ አንገቱን አውጥቶ፣ "ምነው ጋሽ አሥራት፣ በራ አልኩ እኮ!" ይላል።

"ያንን ሰው ታውቂዋለሽ?" አልኳት። "አታውቂውም። እሱም ስለ እናንተ አያውቅም። ጭቃውን ለማለፍ ጎማ ሲያስገባ በራሷ ትበራለች። ማንም ቢነዳው ትበራለች። እኔ ሠራኋት፤ ስሄድ ሳልፈታት ሄድኩ።"

ደጊቱ መብራቷን ብዙ አየች። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

"እንግዲያው አንቱ አልነበሩም" አለች።

አንቱ አለችኝ። ከስድቧ ይልቅ ይኼ አንጀቴን በላው።

"ስታገባ አንድ ነገር አዛኛለች" አለች ቀስ ብላ። "'ያ ሰው አንድ ቀን ከቆመ፣ ለምን ብለሽ ጠይቂልኝ' ብላኛለች። ለመስቀል ልጆቿን ይዛ ትመጣለች። ምን ልበላት?"

"ደህና ናት?"

"ደህና ናት። ሦስት ልጆች አሏት። ባሏ ደግ ሰው ነው። ድሮ አንቱን ስታነሳ ታለቅስ ነበር። አሁን ትረግማለች፤ እየሳቀች ነው የምትረግመው። 'ያ ባለ አሥር ጎማ፣ ጭቃ ይዋጠው' ትልና ቀለል ይላታል።"

እውነቱን ንገሪያት ልል አፌን ከፈትኩ። ወገኖቼ፣ ከበደል ነጻ መውጣት እንዴት ያጓጓል! ኦጋዴን ሆኖ በየሐሙሱ ያስብሽ ነበር በያት፤ አሁንም ብቻውን ነው በያት። ሁሉም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ይህን ብትሰማ ለመስቀል ከአባቷ ቤት ምን ይዛ ትመለሳለች? ያልቀለደባትን ሰው፣ መብራት አሞኝቷት፣ ተወችው። ይህን ባሏ ቤት አስገብታ የት ታስቀምጠዋለች? እርግማን ይሻላል፤ እርግማን ተርግሞ ያልቃል።

"አትንገሪያት" አልኩ።

"ምን?"

"ቆመ በያት። ለምን ብዬ ጠየቅሁት፣ መልስ አጣ፣ አንገቱን ደፍቶ ሄደ በያት።"

"ውሸት እኮ ነው!"

"ምኑ ነው ውሸት? አንድ ጊዜ ተመለሱ ቢባል ለምን ሁለተኛ አልሞከርኩም? እስቲ መልሱን አንቺ ንገሪኝ።"

አንገቴንም ደፍቼ ነበር።

ልሄድ ስል፣ "ይግቡ እንጂ፣ አባቴ እቤት ነው፣ ጠላ አለ" አለችኝ።

"ሌላ ቀን።"

"አንቱ ሌላ ቀን ሲባል አይመለሱም" አለች፤ እንባዋን እየጠረገች ፈገግ አለች። እውነቷን ነው።

ወርጄ በፒንሳ ሽቦውን ቆረጥኩ። መብራቷን ከእነ አረንጓዴ መስታወቷ ፈትቼ ኮቴ ኪስ ውስጥ ጨመርኳት። የተቆረጠውን ጫፍ በናስትሮ ጠቀለልኩት፤ አሁን ናስትሮ በሽ በሽ ነው። ጋቢና ስገባ ወንዳፍራሽ ጸጉሩን አበጥሮ ጨርሶ ይጠብቀኛል።

"ምን አለች? ስለ እኔ ጠየቀች?"

"ጠየቀች።"

"ምን ብላ?"

"'ይኼ ሰው ሥራ የለውም ወይ፣ ሁልጊዜ የሚያበጥረው?' ብላ። ንዳ!"

እየሳቀ ነዳ። ካባው ደርሰን ድንጋዩን ጫንን፤ ስንመለስ ያንኑ አረንቋ ከነጭነቱ ያለ ምንም ችግር አለፍነው። አፋፉ ላይ ማንም አልወጣም። ለምን ይወጣል፤ ለደጃቸው የሚበራ ነገር የለ። አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ወንዳፍራሽ እጀታውን መለሰ፤ የክሩስኮቱ መብራት በትክክል ጠፋች።

"ጠፋ! ዕድሜ ይስጥዎ ጋሽ አሥራት፣ ከእንጀራዬ አገናኙኝ" አለ።

እኔ ግን ራሴን በመስኮት አውጥቼ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎኗ መብራት እያየሁ ነበር፤ እሷም ጠፍታ እንደሆነ። ኪሴ ውስጥ መሆኗን ረስቼ።